«1080ፒ» የሚለው ቁጥር ካሴታችሁን አያድንም

ቁም ሣጥን ውስጥ የሠርግ ወይም የክርስትና ቪዲዮ ካሴት ካላችሁ፣ አንድ ቀን ወደ ኮምፒውተር መገልበጫ መፈለጋችሁ አይቀርም። ገበያ ላይ ዓይን የሚስበው «1080ፒ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ትንሽ ሣጥን ነው። በአንድ በኩል ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ይሰካበታል፤ በሌላው በኩል ኤችዲኤምአይ ይወጣል። ርካሽ ነው፣ አጠቃቀሙም ቀላል። እኔ ግን ለዚህ ሥራ አትግዙት ባይ ነኝ።

ለምን? አንደኛ፣ ካሴቱ ላይ 1080 መስመር የሚባል ነገር የለም። አገራችን ውስጥ የተቀረጹት አብዛኞቹ ካሴቶች ፓል በሚባለው ሥርዓት ናቸው፤ 625 መስመር አለው፣ ምስል የያዙት 576ቱ ናቸው። ሣጥኑ ቀሪውን በግምት ይሞላዋል። ስልክ ላይ ትንሽ ፎቶ ስትለጥጡ እንደሚሆነው ነው፦ ፊቱ ይተልቃል እንጂ አይጠራም።

መለጠጡ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የድሮው ካሜራ 576ቱን መስመር በአንዴ አያነሳም። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ደግሞ ጥንዶቹን ያነሳል። ስለዚህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 50 ግማሽ ምስሎች፣ ማለትም 50 የተለያዩ ቅጽበቶች አሉ። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻ በሁለቱ ግማሾች መካከል ቦታ ቀይሯል። ርካሹ ሣጥን ብዙ ጊዜ አንዱን ግማሽ ይጥለዋል፣ ካልሆነም ሁለቱን ደራርቦ ያደበዝዛቸዋል። አንዴ የተጣለው ደግሞ ከፋይሉ ተመልሶ አይገኝም። በዚያ ላይ ምስሉን ለሰፊ ስክሪን ብሎ ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ሙሽራዋ ሳትጠየቅ ትወፍራለች።

ሁለተኛው ችግር ሰዓት ነው። እያንዳንዱ መስመር በየ64 ማይክሮ ሰከንዱ መጀመር አለበት። ቴፑ ግን በሞተር የሚጎተት፣ በዕድሜ ብዛት የሚለጠጥ ፕላስቲክ ስለሆነ አንዱ መስመር ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይመጣል። የድሮው ቴሌቪዥን ይህንን ይችለዋል። ዲጂታል መሣሪያ ግን በሰከንድ 13.5 ሚሊዮን ጊዜ በማይዛነፍ ሰዓት ስለሚለካ፣ ቀጥ ያለው የበር መቃን እንደ እባብ ይጥመለመላል። መፍትሔው ታይም ቤዝ ኮሬክተር ይባላል፤ መስመሮቹን ለአፍታ ይዞ በእኩል ሰዓት ይለቃቸዋል። አንዳንድ የኤስ-ቪኤችኤስ ዴኮች ውስጣቸው አላቸው። ስለዚህ ገንዘባችሁ መጀመሪያ ወደ ጥሩ ዴክ ይሂድ፤ ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

ከዴኩ ቀጥሎ የእኔ ምርጫ ተራው የዩኤስቢ መገልበጫ ነው። ጥሩው ዓይነት ሁለቱንም ግማሾች ሳይነካ ያሳልፋል። ሳይጨመቅ ከተቀዳ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ገደማ፣ በሰዓት 75 ጊጋባይት ይፈጃል፤ ጥራት በማያጠፋ መጭመቂያ ግን በብዙ ይቀንሳል። ጉድለቱ ምንድን ነው? የምልክቱ ሰዓት ሲዛባበት አንዳንዱ ምስል እየዘለለ ድምፁ ለብቻው ይሄዳል፤ እልልታው ከቀለበቱ ቀድሞ ይሰማል። ቅርፊቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ ያለው ቺፕ ስለሚለያይ መልኩን አይታችሁ አትፍረዱ።

ካሴቱ ከአሜሪካ የተላከ ከሆነ ደግሞ ሥርዓቱ ኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ ወደ 30 ምስል። ፓል ብቻ የሚያነብ ዴክ ላይ ምስሉ ይንከባለላል ወይም ቀለሙ ይጠፋል። ዴኩ ሁለቱንም ማንበቡን ሳታረጋግጡ ብር አትክፈሉ።

«መጥፎ ቢወጣ በኋላ እንደገና እንቀዳዋለን» የሚል ካለ ይህንን ይስማ፦ የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ ምርቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ዛሬ የምታገኙት ዴክ ያገለገለ ነው፤ ቴፑም በየዓመቱ ያረጃል።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። የማታዝኑለትን ካሴት ይዛችሁ ሂዱና ሃያ ደቂቃ ቅዱ። የበሩ መቃን ቀጥ ብሏል? እጅ ሲወዛወዝ ጥላ አይከተለውም? በሃያኛው ደቂቃ ላይ ከንፈርና ድምፅ አብረው ናቸው? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሠርጉን ካሴት ከቦርሳችሁ አታውጡ።