«ሥልጠና ይሰጣቸው!»

አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ከአፋችን የማትጠፋ መድኃኒት አለችን፤ ሥልጠና። የወረዳው ሠራተኛ ባለጉዳይ ሲያመናጭቅ «ሥልጠና ያስፈልገዋል» እንላለን። የሆስፒታሉ ዘበኛ አስታማሚ ሲገፈትር «የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ቢያገኝ ኖሮ» ይባላል። ፖሊስ ሰው ሲደበድብማ ጥሪው ከየአቅጣጫው ነው። ባለሥልጣኑም፣ ለጋሽ ድርጅቱም፣ ጋዜጣ ላይ የምንጽፈው እኛም አንድ ቋንቋ እንናገራለን፤ «ሥልጠና ይሰጣቸው!» ከዚያ አንዱ ሆቴል አዳራሽ ይያዛል፣ አበል ይታሰባል፣ ለሻይ ይወጣል፣ በሦስተኛው ቀን በጅምላ ፎቶ ተነሥቶ ሰርተፍኬት ይታደላል። ተደብዳቢውስ? እሱን ማን ጠርቶት!

ሥልጠና ይቅር እያልኩ አይደለም። ሽጉጥ ታጥቆ መንገድ ላይ የሚቆም ሰው ሳይማር መታጠቅ የለበትም፤ ይኼ አያከራክርም። የሚከነክነኝ አቆጣጠራችን ነው። ስለ ፖሊስ ብቃት ስናወራ የምንቆጥረው ሰዓትና ወረቀት ብቻ ነው። ስንት ወር ተማረ? ዲፕሎማ አለው ወይ? ፈተናውን አልፏል? እነዚህ ከተሟሉ ሰውየው «ብቁ» ነው። እንዲህ ቢሆን ኖሮ አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ የምትባለው ግዛት ፖሊስና ሕዝብ ተቃቅፈው የሚያድሩባት አገር በሆነች ነበር።

ለምን ሚኒሶታ ብትሉ፣ አንደኛ የእኛው ሰው በብዛት የሚኖርባት ናት። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ኢትዮጵያዊ መፈለግ አያደክምም። ሁለተኛና ዋናው ግን፣ በፖሊስ ወረቀት ነገር ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የቀደመችው እሷ መሆኗ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ መጀመሪያ የሌሎቹን እንይ። በአሜሪካ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ከሺህዎች ፖሊስ እስከ ሁለትና ሦስት ፖሊስ ያላቸው። ማን ፖሊስ መሆን እንደሚችል የሚወስነው ፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት ነው። በ2018 በተሠራው የመንግሥት ቆጠራ የአንድ ምልምል መሠረታዊ ሥልጠና በአማካይ 833 ሰዓት ነበር፤ አምስት ወር ገደማ ማለት ነው። ጀርመን ሁለት ዓመት ተኩልና ሦስት ዓመት ታስተምራለች፤ የኖርዌይ ፖሊስ ደግሞ የሦስት ዓመት ዲግሪ ይዞ ነው የሚወጣው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ፀጉር ለማስተካከል የሚጠየቀው የትምህርት ሰዓት ሽጉጥ ለመታጠቅ ከሚጠየቀው ይበልጣል። ፀጉር እንኳ ቢበላሽ ይበቅላል!

ከዚህም የባሰ አለ። ኮነቲከት ውስጥ ኒው ለንደን የምትባል ከተማ በ1996 ፖሊስ ልሁን ብሎ የተፈተነ አንድ ሰው 33 አመጣ። ከተማዋ ለቃለ መጠይቅ የምትጠራው ከ20 እስከ 27 ያመጡትን ነበርና ሰውየው ቀረ። ለምን ሲባል፣ በጣም ብልህ ሰው ሥራው ይሰለቸውና የሥልጠናውን ወጪ አስወጥቶን ይሄዳል! ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2000 ለከተማዋ ፈረደ። እኛ አገር ነጥብ አንሶት የወደቀ ሰው ሞልቷል፤ ነጥብ በዝቶበት የወደቀ ግን እኔ አላጋጠመኝም።

ሚኒሶታ ከእነዚህ የተለየች ናት። በ1977 የፖሊስን ሥራ እንደ ሐኪምና እንደ ጠበቃ የሙያ ፈቃድ የሚጠየቅበት አደረገችው። ከከፍተኛ ትምህርት ተቋም ቢያንስ የሁለት ዓመት ዲግሪ የሌለው አይገባም። ደረጃ የሚያወጣ፣ ፈተና የሚፈትን፣ ፈቃድ የሚሰጥ ራሱን የቻለ ቦርድ አቋቋመች። ፈቃዱም እንደ መንጃ ፈቃድ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለማሳደስ 48 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ያስፈልጋል። ወረቀቱ እንከን የለውም።

ወደ መንገዱ ስንወጣስ?

ሐምሌ 2016 ፊላንዶ ካስቲል የሚባል የ32 ዓመት ሰው፣ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ፣ ከሴንት ፖል አጠገብ መኪናውን እንዲያቆም ታዘዘ። አቆመ። ፈቃድ ያለው መሣሪያ እንደያዘ ለፖሊሱ ራሱ በጨዋ ደንብ ነገረው። ፖሊሱ ሰባት ጊዜ ተኮሰ። መኪናው ውስጥ ፍቅረኛውና የአራት ዓመት ልጇ ነበሩ። ይኸ ፖሊስ ያልሠለጠነ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የግል ድርጅት የሚሰጠውን የ20 ሰዓት ሥልጠና ወስዷል፤ ስሙ ሲተረጎም «ጥይት የማይበሳው ተዋጊ» ማለት ነው። ነገርን ስለማብረድ የወሰደው ደግሞ ሁለት ሰዓት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሃያ ሰዓት ሙሉ «የሚቀርብህ ሰው ሁሉ ሊገድልህ ይችላል» የተባለ ሰው፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ «ረጋ በል» የተባለ ሰው፣ ጣቱ ቃታ ላይ ስትሆን የቱን ያስታውሳል? በመዝገብ ላይ ግን ሁለቱም «ሥልጠና» ናቸው። ፍርድ ቤት በ2017 ነፃ አወጣው።

በዚያው ዓመት ደግሞ ከቤቷ ጀርባ ሴት የምትጮህ መስሏት ፖሊስ የጠራች ጀስቲን ዴመንድ የምትባል ሴት፣ የተጠራው ፖሊስ ራሱ ተኩሶ ገደላት። እሱም ዲግሪ ያለው ሰው ነበር፤ ዲግሪ ላላቸው በተዘጋጀ የሰባት ወር ፈጣን መርሐ ግብር ነው የገባው።

የሚኒያፖሊስ ከንቲባ በ2019 ያንን «የተዋጊ» ሥልጠና ለፖሊሶቻቸው ከለከሉ። የፖሊሶቹ ማኅበር ምን አለ? «እኛ በነፃ እንሰጣለን!» አለ። ሥልጠና በነፃ፣ ያውም ከፖሊስ በኩል! ግዛቲቱ በሕግ የከለከለችው በ2020 ነው፤ ያውም ጆርጅ ፍሎይድ ከሞተ በኋላ።

የፍሎይድን ነገር ሁላችንም ያየነው ይመስለናል። ያየነው ጉልበቱን ነው። ዘጠኝ ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ። እኔን ግን ከጉልበቱ ይልቅ አልወጣልኝ ያለው አጠገቡ የነበሩት ሁለት ወጣት ፖሊሶች ናቸው። ዴሪክ ሾቪን የ19 ዓመት ፖሊስ ነበር፤ ከ15 በላይ አቤቱታ ቀርቦበታል። ይህ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተጨማሪ ኃላፊነት ነበረው። ምን መሰላችሁ? አዲሶችን መንገድ ላይ የሚያሠለጥን መምህር ነበር። የፍሎይድን ጀርባ ይዞ የነበረው ወጣት እሱ ያሠለጠነው ነው፤ ራሱን ችሎ ከተመደበ ሦስተኛ ፈረቃው ነበር። እግሩን የያዘው ደግሞ አራተኛ ቀኑ ነው።

ያ አራተኛ ቀኑ የሆነው ሰው፣ ሰውየውን በጎኑ ብናዞረው አይሻልም ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቋል። ኮሌጅ የተማረው እንደዚያ ነበራ! በደረቱ ተደፍቶ የታሰረን ሰው ቶሎ በጎኑ ማዞር ነው ደንቡ። ባልደረባ ጥፋት ሲሠራ ጣልቃ ግባ የሚል መመሪያም መሥሪያ ቤቱ ከ2016 ጀምሮ ነበረው። አንጋፋው «አይሆንም፣ እንዳለ ይቆይ» አለ። ወጣቱ ዝም አለ። የፖሊስ አዛዡ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበው ሾቪን ያደረገው እኛ የምናሠለጥነው አይደለም ብለው መስክረዋል። እውነታቸውን ነው፤ መጽሐፉ ላይ የለም። ግን መጽሐፉን የያዘውን ልጅ ለማን ነበር የሰጡት?

ሁለቱ ወጣቶች ከሌላ ባልደረባቸው ጋር በ2022 ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ጠበቆቻቸው የተከራከሩት በዚሁ ነው፤ በቂ ሥልጠና አላገኙም፣ የተማሩት ለአንጋፋ መታዘዝን ነው ብለው። ዳኞቹ አልተቀበሏቸውም፤ ሦስቱም ጥፋተኛ ተባሉ። ፍርዱ ልክ ነው እላለሁ፤ ሰው እየሞተ «አልሠለጠንኩም» አይባልም። ይሁን እንጂ የጠበቆቹ ክርክር ግማሹ እውነት መሆኑ ከሕሊናዬ አልጠፋም።

ሚኒያፖሊስ የሚኖር አንድ ወዳጄ ልጁ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ጊዜ ከማርሽና ከፍሬን በፊት ያስተማረው ሌላ ነገር ነው፤ ፖሊስ ሲያስቆምህ ሁለት እጅህን መሪው ላይ አድርግ፣ ኪስህ አትግባ፣ ወረቀት ስታወጣ «ላወጣ ነው» በል። አባት ለልጁ ሥልጠና ይሰጣል! እዚህ ቤት ውስጥ ሰርተፍኬት የለም፤ ፈተናው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ነገሩ የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቴ ጋሽ… (ስማቸው ይቅር) ከፖሊስ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ስለዚሁ ስናወራ እንዲህ አሉኝ፤ «ኮሌጅ ሳለን ሕጉን እንደ ዳዊት ነበር የምንደግመው። ጣቢያ የተመደብኩ ዕለት የተቀበለኝ አሥር አለቃ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ደብተርህን ሻንጣህ ውስጥ ክተት። እዚህ እኔን እያየህ ነው የምትሠራው።›»

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ እሱን እያየሁ ሠራኋ!»

ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ አገር ያውቀዋል። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ይነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለው ይገለጽለት፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ይህን የማያውቅ የፖሊስ ምሩቅ አለ ብዬ አላምንም፤ ፈተና ላይ ይመጣላ። ጣቢያ ሲደርስ ግን ይህን አንቀጽ ሲሠራበት የሚያየው አለቃ ያስፈልገዋል። ሦስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ስላይድ የሚያሳየው አሠልጣኝ ሳይሆን፣ ሦስት ዓመት ከጎኑ የሚቆመው ሰው ነው ፖሊስ የሚያደርገው። የሥልጠና በጀት የሚያወጡ ሁሉ ይህን ሰው ማን እንደሚመርጠው ቢጠይቁ ደስ ባለኝ።

ሌላው ደግሞ የመንጠቁ ጉዳይ ነው። ትራፊክ የሾፌርን መንጃ ፈቃድ ይይዛል፤ ያጠፋ ጠበቃ ፈቃዱን ይቀማል። የፖሊስንስ ማን ይነጥቃል? ያቺ አርአያ የምትባለው ሚኒሶታ እንኳ ፈቃድ በመስጠቱ እንጂ በመንጠቁ አልታወቀችም። ስታር ትሪቢዩን የተባለው የሚኒያፖሊስ ጋዜጣ በ2017 ባወጣው ምርመራ፣ ወንጀል ሠርተው የተፈረደባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ፖሊሶች እንደነበሩና አብዛኞቹን ቦርዱ ምንም እንዳላላቸው አጋልጧል። ትልቋ ካሊፎርኒያ የፖሊስ ደረጃ አውጪ ተቋም ያቋቋመችው በ1959 ነው፤ ለዚሁ ተቋም የአጥፊ ፖሊስን ፈቃድ የመንጠቅ ሥልጣን የሰጠችው ደግሞ በ2021። ለመስጠት እጅ አላት፣ ለመንጠቅ 62 ዓመት አሰበች።

መንጠቅ በሌለበት ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ የኦሃዮውን ታሪክ ይከተል። ኅዳር 2014 ክሊቭላንድ ከተማ መናፈሻ ውስጥ የአሻንጉሊት ሽጉጥ ይዞ ይጫወት የነበረውን የ12 ዓመቱን ታሚር ራይስን አንድ ፖሊስ ከመኪና በወረደ በሰኮንዶች ውስጥ ተኩሶ ገደለው። ያ ፖሊስ ቀደም ሲል ኢንዲፔንደንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ፖሊስ ሆኖ ሲሠለጥን አለቆቹ «ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሥልጠናም የሚያስተካክለው አይመስለንም» የሚል ማስታወሻ ጽፈውበት በ2012 ሥራውን ለቆ ነበር። ወረቀቱ አብሮት ሄደ፤ ማስታወሻው ማኅደር ውስጥ ቀረ። ክሊቭላንድ ሲቀጥረው ማኅደሩን ከፍቶ ያየ አልነበረም። ከጓዳችን እንዳንርቅ፣ ከአንዱ ክልል ፖሊስ የተሰናበተ ሰው ሌላው ክልል ሄዶ ሲያመለክት ፊት የሚወጣው የቱ ነው፤ ሰርተፍኬቱ ወይስ ማኅደሩ?

ክሊቭላንድ በ2017 አባረረችው። ያባረረችው ልጁን በመግደሉ አይደለም፤ ሥራ ሲያመለክት ዋሽቷል ብላ ነው። በ2018 እዚያው ኦሃዮ ውስጥ ቤሌር የምትባል መንደር ቀጠረችው። በ2022 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ቲዮጋ የምትባል መንደር ቃለ መሐላ አስፈጸመችው። በ2024 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ደንብ ልብስ አለበሰችው። ከሦስቱም የወጣው የትኛውም ቦርድ ፈቃዱን ስለነጠቀው አይደለም። ነዋሪው ስሙን ጋዜጣ ላይ አይቶ ስለጮኸ ነው።