ምስክርነትና ምሳሌ፦ የጋዛ ወጣት ጸሐፍት የጦርነት ትረካዎች

ጋዛ በሚንበሮቻችን ላይ ስሟ ደጋግሞ የሚነሣ ከተማ ናት። ዱዓእ ይደረግላታል፤ የሟቾቿ ቁጥር ይጠቀሳል፤ ምእመናን ያለቅሱላታል። ልጆቿ ስለ ራሳቸው የጻፉት ግን በኹጥባም ሆነ በመማሪያ ክፍል ሲወሳ እምብዛም አንሰማም። የሚጠቀስ ሲሆንም ልብ ወለዱ ከዜናው፣ ዜናው ከተረቱ ሳይለይ ይቀርባል። በዚህ ጽሑፍ የጋዛን ወጣት ጸሐፍት ሥራዎች የምንመረምረው ሁለት ጥያቄዎችን ይዘን ነው። እነዚህ ትረካዎች በምን ዓይነት ንግግር ይመደባሉ? አስተማሪውና ኢማሙስ በምን አደብ ሊቀበላቸው ይገባል?

ዋናው ማስረጃችን በ2014 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመው «ጋዛ ራይትስ ባክ» (ጋዛ በብዕሯ ትመልሳለች) የተሰኘው ስብስብ ነው። በውስጡ የ15 ጸሐፍት 23 አጫጭር ልብ ወለዶች ይገኛሉ። አብዛኞቹ ጸሐፍት ወጣት ሴቶች ናቸው። የትረካዎቹ መነሻ ከታኅሣሥ 2008 እስከ ጥር 2009 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ጦርነት ነው። አዘጋጁ ሪፍዓት አል-ዓሪር በጋዛ እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ የሌሎችን ድርሰት በማንበብ ብቻ እንዳይወሰኑ፣ የራሳቸውን ኑሮ እንዲጽፉ ያበረታታቸው ነበር። «ቁጥሮች አይደለንም» የተሰኘውን የወጣት ጸሐፍት ማሠልጠኛ ከመሠረቱት አንዱም እርሱ ነው። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በአየር ጥቃት ከወንድሙ፣ ከእኅቱና ከልጆቿ ጋር ተገደለ። አላህ ይዘንላቸው።

በስብስቡ ውስጥ ጥንካሬያቸው ጎልቶ የሚታየን ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ ያደረገባቸው ታሪኮች ናቸው። የረዋን ያጊ «ከሥር» በፈረሰ ቤት ሥር የተቀበረች ልጅ በራሷ አንደበት የምትናገረው ነው። ትረካው ከሰውነቷ ስሜትና ከከበባት ጨለማ አይርቅም፤ አንባቢውም ከእርሷ ጋር በጠባቡ ስፍራ ይቆያል። የሣራ ዓሊ «የመሬቱ ታሪክ» ደግሞ የወይራ ዛፎቹ በጦርነቱ ስለ ተነቀሉበት አባት የምትተርክ ልጅ ድምፅ ነው። ኀዘኑ የሚገለጠው አባትየው በሚናገረው ሳይሆን በዝምታው ነው። ዛፍ ለዚያ ሰው ንብረት ብቻ ሳይሆን ዕድሜው መሆኑን ልጂቱ ቀስ በቀስ ትረዳለች፤ እኛም ከእርሷ ጋር እንረዳለን።

በአንጻሩ ጸሐፊው ትረካውን አቁሞ ለሩቅ አንባቢ ማብራሪያ መስጠት ሲጀምር ታሪኩ ይደክማል። ይህ ጉድለት ከቋንቋው ምርጫ ጋር የተያያዘ ይመስለናል። በእንግሊዝኛ መጻፋቸው ስለ እነርሱ በሌሎች አፍ ሲነገር ለኖረው መልስ ለመስጠት ነው፤ ዓላማው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የማያምን ዳኛ ፊት የቆመ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ፣ አንዳንዱ ጸሐፊ ከመተረክ ይልቅ ወደ መከራከር ያዘነብላል። መፈክር የገባበት ገጽ ላይ ገጸ ባሕርዩ ሰው መሆኑን ትቶ ምልክት ይሆናል።

ስብስቡ ከወገን ስሜት ባሻገር የሄደበትም ቦታ አለ። ከታሪኮቹ አንዱ በጋዛ ዘምቶ የተመለሰ፣ በቅዠት የሚሠቃይ እስራኤላዊ ወታደርን ልብ ለማየት ይሞክራል። በቦምብ ሥር የኖረ ወጣት ይህን መሞከሩ ቀላል ነገር አይደለም። ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን የሚያዘውን የሱረቱል ማኢዳህ (5፥8) መልእክት ያስታውሰናል። ሙከራው ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል አንልም፤ ወታደሩ ከጸጸቱ በቀር ሌላ ሕይወት ብዙም የለውም። ሆኖም የፍትሕ ሥነ ምግባር በድርሰት ውስጥ እንዴት እንደሚፈተን ያሳያል።

እዚህ ላይ ለአስተማሪውም ለኢማሙም ዋና የሆነው ጥያቄ ይነሣል። የ«ከሥር» ልጅ በእውን የነበረች አይደለችም፤ ታሪኳም ኸበር (ዜና) ሳይሆን መሰል (ምሳሌ) ነው። ዑለማእ ይህን ልዩነት ያውቁታል። አል-ሐሪሪ ፈጠራ የሆኑ መቃማቱን ባቀረበበት መግቢያ፣ በእንስሳትና ግዑዝ ነገሮች አንደበት የተነገሩ ተረቶችን ጠቅሶ ለትምህርት የሚነገር ፈጠራ ውሸት እንዳልሆነ ተከራክሯል። መቃማቱም ለዘመናት የዐረብኛ ቋንቋ መማሪያ ሆነዋል። ስለዚህ የጋዛን ልብ ወለድ ፈጠራ ነው ብለን ማጣጣል አይገባንም። «በጋዛ አንዲት ልጅ እንዲህ ሆነች» ብለን በሚንበር ላይ እንደ ክስተት ማውራትም አይፈቀድልንም። ወሬ ሲመጣ ማጣራትን ያዘዘው የሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ (49፥6) እንባ ለማስፈሰስ ሲባል አይታለፍም።

ዜናን ለሚሻ ከልብ ወለዱ ጎን ሌላ ዓይነት ጽሑፍ አለ። ዓጢፍ አቡ ሰይፍ በ2014 እ.ኤ.አ. ጦርነት ወቅት የመዘገበው የዕለት ማስታወሻና ሙስዐብ አቡ ቶሃ በ2025 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘባቸው መጣጥፎች ጸሐፊው በስሙ ያያቸውንና የደረሱበትን የሚናገርባቸው ናቸው። እነዚህን የምንመዝነው በተረክ ውበት ብቻ ሳይሆን በምስክር ሚዛን ነው። ሚዛኑም ለጋዛ ባዕድ አይደለም። በአገራችን ብዙ ሙስሊሞች የሚከተሉት መዝሀብ ባለቤት ኢማም ሻፊዒይ በ150 ዓመተ ሂጅራ የተወለዱት በጋዛ ነው። በ«አር-ሪሳላህ» የአንድን ሰው ዜና ለመቀበል ተናጋሪው እውነተኛ፣ የሚናገረውን የሚያስተውልና በትክክል የሚያደርስ መሆን እንዳለበት አስተምረዋል። የጋዛ የዕለት ማስታወሻዎች በዚህ ሚዛን ሲታዩ ክብራቸው ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም። ያየውን ከሰማው ለይቶ የሚጽፍ ሰው አደራውን ተወጥቷልና።

ሌላው ጥንቃቄ ሶብርን ይመለከታል። በእነዚህ ጽሑፎች ሰዎች ይፈራሉ፤ ይሰለቻሉ፤ ይቆጣሉ። የጋዛን ሰው ፍርሃት የማያውቅ ጀግና አድርጎ ብቻ የሚያቀርብ ሰባኪ ይህን ሲያነብ ሊደናገጥ ይችላል። ነገር ግን በሱረቱ ዩሱፍ መልካም ትዕግሥትን የመረጡት ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ከኀዘን ብዛት ዓይናቸው የነጣው እርሳቸው ናቸው (12፥18፣ 84)። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ኀዘንን መናገር ሶብርን አያፈርስም። ወጣቶቹ ፍርሃታቸውን በመጻፋቸው እምነታቸው ጎደለ የሚል አንባቢ ቁርኣኑንም በሚገባ አላነበበም።

ከዚህ በመነሣት ለመምህራንና ለኢማሞች ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከእነዚህ ሥራዎች ሲጠቅሱ የጸሐፊውን ስም ይንገሩ፤ ስም የሌለው ታሪክ ተመልሶ ቁጥር ይሆናል። ሁለተኛ፣ ልብ ወለድ ከሆነ ልብ ወለድ መሆኑን፣ ምስክርነት ከሆነ ማን መቼ እንዳየው ይግለጹ። ሦስተኛ፣ የአል-ዓሪርን የማስተማር ፈለግ ይከተሉ። ባለፉት ዓመታት ጦርነትን በዓይናቸው ያዩ ልጆች በእኛም መድረሳዎችና ትምህርት ቤቶች ተቀምጠዋል። ያዩትን በራሳቸው ቃል፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ የበደላቸውንም ወገን ሳይቀር በፍትሕ እየመዘኑ እንዲጽፉ ማሠልጠን የቋንቋ ትምህርት ብቻ አይደለም። በራስ ላይ እንኳ ቢሆን ለአላህ ብሎ በእውነት መመስከርን ላዘዘው አንቀጽ (4፥135) የሚገባ ልምምድ ነው።