ዘመንና ልምድ በወይን ጠጅ፥ በፎቶግራፍና በጋሞ ቆዳ ፋቂዎች ሥራ

በወይን ጠጅም ሆነ በፎቶግራፍ ታላቅ ሥራ የሚገኘው ከረዥም ዘመንና ከብዙ ልምድ ነው የሚለው አሳብ፥ በአዋቂዎች ዘንድ ክርክር እንደሌለበት ነገር ሲነገር ይሰማል። ይሁን እንጂ ይህ አሳብ የዕቃውን መብሰል፥ የሠሪውን ልምድና የሠሪውን ዕድሜ በአንድ ስም ስለሚጠራ፥ ለያይቶ መመርመር ይገባል።

በወይን ጠጅ ረገድ ጊዜ ራሱ ሠራተኛ ነው፤ ጥቂት ምርጥ ወይኖች በጠርሙስ ሆነው ለብዙ ዓመታት ሲቀመጡ ይሻሻላሉ። አብዛኛው ወይን ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ መጠጣት ያለበት ነው፤ የማር ጠጅም ከልክ በላይ ሲቆይ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ጠጅ ጣይ የምትመሰገነው ጌሾው መቼ እንደሚወጣ፥ ጠጁም መቼ እንደሚቀርብ በማወቋ ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ የቅጽበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የተወለደው ፈረንሳዊው ዣክ ኦንሪ ላርቲግ፥ በ1905 ገና ልጅ ሳለ ዘመዱ ከደረጃ ላይ ስትዘል ያነሣት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይደነቃል። እንግዲህ አንድ ታላቅ ሥራ ያለ ብዙ ልምድ ሊገኝ ይችላል፤ መደጋገሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ መደጋገሙ የሚመሰክር ነገር በጋሞ ደጋ ይገኛል። ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ ያለችው ካምባ ከዐሥሩ ነባር የጋሞ ደሬዎች አንዷ ናት። በጋሞ ነባር ሥርዓት በአብዛኛው እርሻ የማላዎች፥ ሸክላ የማናዎች፥ ቆዳ ፍቆ ማለስለስ የዴጋላዎች ሙያ ነበር። የዴጋላ ልጅ ባልጩት ጠርቦ፥ በእንጨት እጀታ ላይ ተክሎ ቆዳ መፋቅን ከአባቱ ይማር ነበር። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ካትሪን ዊድማን በጋሞ ቆዳ ፋቂዎች መካከል ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ፥ በመፋቂያው ድንጋይ ስለት ጠርዝ ላይ የምትቀረውን እሾህ መሰል ሹል መረመሩ። የጥንት ዕቃ መርማሪዎች ይህችን ሹል ለመቅረጫ ሆን ተብላ የተሠራች አድርገው ይገምቱ ነበር፤ በጋሞ ግን በብዛት የታየችው በጀማሪዎችና በሸመገሉ ሰዎች መፋቂያ ላይ ነው።

የዚህ ጥናት ብልጫ ልምድን ከዕድሜ መለየቱ ነው። ጀማሪው እጁ ገና አልሠለጠነም፤ ሽማግሌው ዕውቀቱ ቢሞላም እጁ ደክሟል። ዘመን ለሠሪው የሚሰጠውን ያህል መልሶ ይወስዳል ማለት ነው። ሆኖም ማስረጃው ወሰን አለው። ሹልዋ የምትገልጸው ጉድለትን ነው፤ ከጉድለት መዳን ደግሞ ታላቅነት አይደለም። ንጹሕ መፋቂያ ሁሉ የታላቅ ባለሙያ ሥራ ነው ሊባል አይችልም።

ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። ዘመንና ልምድ ብቻቸውን ታላቅነትን የሚያስገኙ ቢሆኑ ኖሮ፥ ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ ሙያ የኖረው ዴጋላ በአገሩ ከሚከበሩት ሰዎች መካከል በተቆጠረ ነበር። እርሱ ግን ከማላ ጋር እንዳይጋባ ተከልክሎ በዝቅተኛ ስፍራ ኖረ። የወይን ቀማሽና የፎቶግራፍ ተቺ ልምድን ሲያመሰግኑ፥ የሚያመሰግኑት አስቀድሞ የተከበረውን ሰው ልምድ ነው። እንግዲህ ልምድ ለመልካም ሥራ መደጋገም ያስፈልጋል፤ ታላቅ የሚለውን ስም የሚሰጠው ግን ፈራጁ ነው። ስለዚህ የሠሪው እጅ እንደሚመረመር ሁሉ የፈራጁም ዓይን ሊመረመር ይገባል።