ስለ ቦንሳይ መነሻና ስለ ታሪኩ አጻጻፍ የቀረበ ትችት

ስለ ቦንሳይ የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ ታሪኩን የሚያቀርቡት እንደ አንድ የትውልድ ሐረግ ነው። በቻይና ተወለደ፤ በቡድሃ መነኮሳት እጅ ወደ ጃፓን ተሻገረ፤ በዚያም ሳይቋረጥ አድጎ ዛሬ ከምናየው ደረጃ ደረሰ ይላሉ። ይህ አተራረክ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም፣ ምስክሮቹ አንድ በአንድ ሲመረመሩ የሚናገሩት ሌላ ነው። የዕቃው መመሳሰል ብቻውን የትርጓሜውን አንድነት ሊያስረዳ አይችልም። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አስቀድሞ የሚጠቀሰው ምስክር ከቻይናዋ ከሺያን ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለው፣ በ706 የተሠራው የልዑል ጃንግኋይ መቃብር ነው። በግድግዳው ላይ ትንንሽ ተክል ያለበትን ዕቃ የያዘ አገልጋይ ተሥሎ ይታያል። ሥዕሉ እንዲህ ያለው ተክል በቤተ መንግሥት ይታወቅ እንደ ነበረ ያስረዳል፤ ማን እንዳሳደገውና ምን እንደ ታሰበበት ግን አይገልጥም። በጃፓንም በ1309 ለካሱጋ መቅደስ የተዘጋጀው የሥዕል ጥቅልል በዕቃ የተተከሉ ዛፎችን ያሳያል፤ እርሱም ቢሆን የሚመሰክረው ለመኖራቸው ብቻ ነው።

ትርጓሜውን ለማግኘት ወደ ጽሑፍ ስንመለስ የሚያጋጥመን ክርክር ነው። መነኩሴው ዮሺዳ ኬንኮ በ14ኛው መቶ ዓመት በጻፈው «ጹሬዙሬጉሳ» በተባለው መጽሐፍ ስለ መኰንኑ ስለ ሂኖ ሱኬቶሞ ይተርካል። ሱኬቶሞ ጠማማ ዛፎችን በሸክላ ማሳደግ ይወድ ነበር። አንድ ቀን ከዝናም ሊጠለል ከቤተ መቅደስ ደጅ ቆሞ ሳለ አካለ ስንኩላን ለማኞችን አየ፤ በመጀመሪያ ተደነቀ፣ ኋላ ግን ተጸየፈ፤ ከቤቱም እንደ ገባ ተክሎቹን ነቅሎ ጣለ። እንግዲህ የተጣመመውን መውደድ ይገባልን የሚለው ነቀፋ ከባዕድ የመጣ ሳይሆን በጃፓን ምድር የተነሣ ነው። ነገሩን አመስግኖ የተረከውም መነኩሴ ስለ ሆነ፣ ጥበቡን በጠቅላላው የቡድሃ መንፈስ ፍሬ ነው ማለት ይከብዳል።

«ሃቺኖኪ» የተባለው የኖ ተውኔት ደግሞ ሌላ ትርጓሜ ይሰጣል። የደኸየው ጦረኛ ሳኖ በበረዶ ሌሊት ለመጣበት መነኩሴ ማሞቂያ ቢያጣ፣ የቀሩለትን ሦስት ዛፎች፣ ማለት ፕሪሙን፣ ቼሪውንና ጥዱን፣ ቈርጦ ያነድለታል። እንግዳው የቀድሞው የመንግሥት እንደራሴ ሆጆ ቶኪዮሪ ኖሮ፣ ኋላ በሦስቱ ዛፎች ስም የሚጠሩ ሦስት ርስቶችን ይሰጠዋል። በዚህ ተውኔት የዛፉ ክብር የሚታየው በመሥዋዕትነቱ ነው፤ ስለ ቅርጹ ውበት የሚደረግ ፍርድ እምብዛም የለበትም።

ስሙም ቢሆን የተውኔቱ ርእስ እንደሚያሳየው አስቀድሞ «ሃቺኖኪ»፣ ማለት የሸክላ ዛፍ፣ ነበረ። «ቦንሳይ» በቻይና ፊደል የሚጻፈው ቃል የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት፣ የቻይናን ሥነ ጽሑፍ በሚወዱ በኦሳካና በኪዮቶ ሊቃውንት ዘንድ ነው። ከ1923ቱ የምድር መናወጥ በኋላ የቶኪዮ አትክልተኞች ወደ ኦሚያ ተሻግረው በ1925 የቦንሳይ መንደር መሠረቱ፤ በ1934ም «ኮኩፉ» የተባለው ኤግዚቢሽን በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ተከፈተ። ቦንሳይ ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ ጋራ በአንድ አዳራሽ ለፍርድ የቀረበው እንግዲህ በቅርብ ዘመን ነው።

ይህን ስንል ጥበቡ የትናንት ፈጠራ ነው ማለታችን አይደለም። ያልተቋረጠው ነገር የእጅ ሥራው ነው፤ ይኸውም ውኃ ማጠጣት፣ ሥር መቍረጥ፣ ቅርንጫፍ ማሰር፣ አፈር መለወጥ ነው። ከ1625 ጀምሮ ሲገራ የኖረው የያማኪ ቤተሰብ ነጭ ጥድ በ1945 ከሂሮሺማው ቦምብ ተርፎ፣ በ1976 ለአሜሪካ ከተሰጡት 53 ዛፎች አንዱ ሆነ። ይህን የመትረፉን ታሪክ ግን በዋሽንግተን ያሉት ጠባቂዎቹ የተረዱት በ2001 የቤተሰቡ የልጅ ልጆች መጥተው በነገሯቸው ጊዜ ነው። ሰነዱ ዝም ያለውን አሳዳጊዎቹ ያውቁት ነበር።

ስለዚህ ቻይና ናት ወይስ ጃፓን የጥበቡ ባለቤት እያሉ መከራከር እምብዛም አይጠቅምም። መርማሪው በየዘመኑ ዛፉን ማን እንዳሳደገው፣ ለማን እንዳቀረበውና ስለ ምን እንደ ደከመበት ቢጠይቅ፣ የመነሻው ጥያቄ ራሱ ተገቢ ስፍራውን ያገኛል።