በ«ፓተር ፓንቻሊ» ፊልም ውስጥ የሙዚቃና የዝምታ ድርሻ

ስለ ፊልም ሙዚቃ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ከሁለት አንዱ ነው፤ «ደስ ይላል» ወይም «ደስ አይልም» የሚል። እንዲህ ያለው ፍርድ ሙዚቃውን ከሥዕሉ ነጥሎ የሚመዝን ስለ ሆነ ስለ ፊልሙ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሙዚቃው በገባበት ቦታ መሰማት የነበረበት ድምፅ ምንድን ነው? ያስ ድምፅ ስለ ምን ቀረ? የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ «ፓተር ፓንቻሊ» (የመንገድ ዜማ እንደ ማለት ነው) ለተባለው የሕንድ ፊልም ያቀርባል። ፊልሙ ስለ አንድ ድኻ የገጠር ቤተሰብ የሚተርክ ስለ ሆነ፣ ጥያቄው የጥበብ ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ጥያቄ ነው፤ የድኻን ሰው ኀዘን በሚያምር ዜማ መሸፈን ይገባል ወይስ አይገባም?

በመጀመሪያ ስለ ፊልሙ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ታሪኩ ቢብሁቲቡሻን ባንዶፓድያይ እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ ካወጡት የቤንጋሊ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። አዘጋጁ ሳትያጂት ሬይ በዚያን ጊዜ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ሠዓሊ ሆነው ይሠሩ ነበር፤ ይህም የመጀመሪያ ፊልማቸው ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1952 ተጀምሮ፣ አብዛኛው በካልካታ አጠገብ ባለችው በቦራል መንደር እየተቀረጸ፣ በገንዘብ እጦት እየተቋረጠ ቆይቶ፣ በመጨረሻ በምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ርዳታ ተፈጸመ። ለሕዝብ የታየው በ1955 ነው። ካህኑ ሐሪሐር፣ ሚስቱ ሳርቦጃያ፣ ልጆቻቸው ዱርጋና አፑ፣ እንዲሁም የቤተ ዘመድ የሆኑት አሮጊት ኢንዲር በአንድ በፈረሰ ቤት ይኖራሉ። አሮጊቷ ይሞታሉ፤ ዱርጋም በዝናብ ከራሰች በኋላ ትኩሳት ይዟት ትሞታለች፤ የተረፉትም ቤቱን ትተው ወደ ቤናሬስ ይሰደዳሉ።

ሙዚቃውን የደረሱት ስመ ጥሩው የሲታር ተጫዋች ራቪ ሻንካር ናቸው። ሙዚቃው የተዘጋጀበት ሁኔታ ራሱ ሊጤን የሚገባው ነው። ሻንካር ድርሰታቸውን ሲጀምሩ ያዩት የፊልሙን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር፤ እርሱም ገና በቅጡ ያልተቀናበረ ነበር። የሙዚቃው አብዛኛው ክፍል በአንድ ሌሊት፣ 11 ሰዓት ያህል በፈጀ ሥራ ተደርሶ ተቀዳ። ከዚህም በቀር አንዳንዱን የሲታር ክፍል የተጫወቱት የፊልሙ ካሜራ ሠራተኛ ሱብራታ ሚትራ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ዜማው የሻንካር ቢሆንም፣ ዜማው የት ይግባ፣ የትስ ይቁም የሚለውን የወሰኑት አዘጋጁ ናቸው። ስለዚህ ስለዚህ ፊልም ሙዚቃ ስንናገር ስለ ዜማው ውበት ብቻ መናገራችን የሥራውን ግማሽ መተው ይሆናል።

አሁን ወደ ድምፁ እንግባ። ፊልሙ ከሙዚቃው በፊት መንደሩን ያሰማናል። አሮጊቷ ኢንዲር ማታ ከጎጆአቸው ደጅ ተቀምጠው፣ ቀኑ መሽቷልና አሻግረኝ የሚል መንፈስ ያለው መዝሙር ያንጎራጉራሉ። የተዋናይቱ የቹኒባላ ዴቪ የራሳቸው ድምፅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜአቸው ሰማንያ ዓመት ገደማ ነበር። ድምፁ የተሰባበረ ነው፤ የሚያጅበው መሣሪያ የለም፤ ሊኖርም አይገባም ነበር። እንደዚሁም ባቡሩን ልጆቹ ከማየታቸው በፊት ድምፁን በሌሊት ከሩቅ እንሰማለን። በኋላ ልጆቹ ነጭ አበባ በሸፈነው ሜዳ ሲሄዱ የቴሌግራፍ እንጨት ሲያጉረመርም ያገኛሉ፤ ጆሮአቸውንም ይለጥፉበታል። ባቡሩ ጥቁር ጢሱን እየተፋ ሲያልፍ የምንሰማው ያው የብረቱን ጩኸት ነው። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን እዚህ ላይ ሙዚቀኞቹን ሁሉ ባስነሣ ነበር። ነገር ግን ለልጆቹ የባቡሩ ድምፅ ራሱ ከሩቅ ዓለም የመጣ ሙዚቃ ስለ ሆነ ሌላ ሙዚቃ መጨመር ትርፍ ይሆናል።

ሙዚቃው በሚገባበት ቦታ ደግሞ አገልግሎቱ የተለየ ነው። ዋናው ዜማ በዋሽንት የሚሰማ፣ ከባላገር ዘፈን የተቀራረበ አጭር ዜማ ነው። ከዝናቡ ጋር የተያያዘው ሲታር «ዴሽ» በተባለው ራጋ የተቃኘ ነው፤ ራጋ እኛ ቅኝት ከምንለው ጋር የሚቀራረብ የዜማ ሥርዐት ሲሆን፣ ዴሽም በሕንዶች ልማድ የዝናብ ነው። ጣፋጭ ሻጩ በመንደሩ ሲያልፍ ልጆቹ፣ ከኋላቸውም ውሻ ተሰልፈው ሲከተሉት የሚሰማው ሲታር ደግሞ ተጫዋች ነው። ልጆቹ መግዣ ሳንቲም የላቸውም፤ ሙዚቃው ግን ስለ ባዶ እጃቸው አያለቅስም፤ ከልጆቹ ደስታ ጋር ይሮጣል። ለድኻ ከሚያዝን ሰው ይልቅ ከድኻ ልጅ ጋር የሚጫወት ሰው ልጁን የበለጠ ያከብረዋል። የዚህ ሙዚቃ ጠባይ እንዲህ ያለ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠውና ክርክር የሚያስነሣው ግን የሳርቦጃያ ልቅሶ ነው። ሐሪሐር ሥራ ፍለጋ ከሄደበት አገር ለቤተሰቡ ስጦታ ይዞ ይመለሳል። ልጁ መሞቷን አያውቅም። ሚስቱ ምንም ሳትናገር ውሃ ታቀርብለታለች። እርሱ ግን ያመጣውን ዕቃ አንድ በአንድ እያወጣ ያሳያታል፤ በመጨረሻም ለዱርጋ የገዛውን ሳሪ ያወጣል። በዚህ ጊዜ ሳርቦጃያ ሳሪውን ይዛ አፏን ከፍታ ትጮኻለች። ጩኸቷን ግን አንሰማም። በእርሱ ፈንታ የሚሰማው «ታር ሼናይ» የተባለው መሣሪያ ነው፤ እንደ መሲንቆ በደጋን የሚመታ፣ ድምፁን የሚያጎላ ቀንድ የተጨመረበት ነው። የተጫወቱት ዳክሺና ሞሃን ታጎር ሲሆኑ፣ ዜማው «ፓትዲፕ» በተባለው ራጋ ከፍ ባለ ድምፅ ይወጣል።

አንድ ተቃዋሚ እንዲህ ሊል ይችላል። ይህች ሴት በሕይወቷ ሁሉ ያጣች ናት፤ አሁን ደግሞ የቀረላትን አንድ ነገር፣ ጩኸቷን፣ የከተማው ጥበብ ወስዶ አሳምሮ ለተመልካች ሸጠባት። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ በብዙ ፊልሞችም ላይ እውነት ነው። እናት ስታለቅስ ክራርና ቫዮሊን የሚደረደርበት ፊልም ሁሉ ይህን ወቀሳ ይገባዋል፤ በዚያ ሙዚቃው ተመልካቹን «አሁን አልቅስ» ብሎ ከማዘዝ በቀር ሥራ የለውምና።

በ«ፓተር ፓንቻሊ» ግን ነገሩ የተለየ ነው የምልበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሳርቦጃያ ድምፅ የሌላት ሴት ሆና አልቀረበችም። ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ ስትቈጣ፣ ከአሮጊቷ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ ዱርጋን በስርቆት ምክንያት ስትመታና ስትጮህባት ሰምተናታል። ድምፅዋን ስለምናውቀው መጥፋቱን እናውቃለን። ዝም ያለች ሴት ብትሆን ኖሮ መሣሪያው ይተካት ነበር፤ አሁን ግን መሣሪያው የሚነግረን ድምፅዋ ለዚህ ኀዘን እንዳልበቃ ነው። ሁለተኛ፣ ዜማው የሚመጣው ከዝምታ በኋላ ነው። እናቲቱ ባሏ እስኪመጣ ድረስ ኀዘኗን አፍናው ነበር፤ ውሃ ስታቀርብለትም ቃል አልወጣትም። ስለዚህ ሙዚቃው በልቅሶ ላይ የተጨመረ ጌጥ አይደለም፤ የታፈነው ነገር የሚፈነዳበት ስፍራ ነው። ሙሾ በሚወጣበት አገር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። አልቃሿ ስታወርድ የሟች እናት ድምፅ አልተነጠቀም፤ የእናቲቱ አፍ ያልቻለው ቅርጽ አገኘ እንጂ።

ይህን ስል ሙዚቃው እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። የዋሽንቱ ዜማ ደጋግሞ ስለሚመለስ፣ በአንዳንድ ቦታ ሥዕሉ ብቻውን የሚናገረውን ይደግመዋል፤ ልጆቹ በመንገድ ሲሄዱ ዐይናችን ያየውን የገጠር ጸጥታ ጆሮአችንም እንዲነገረው አያስፈልግም ነበር። ሬይም ከዚህ በኋላ ዜማ የት ይግባ የት ይቁም የሚለውን ለሌላ ሰው መተው የከበዳቸው ይመስላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ «ቲን ካንያ» ከተባለው ፊልም አንሥቶ ለፊልሞቻቸው ሙዚቃውን ራሳቸው መድረስ ጀመሩ።

የፊልሙ ዋና ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደን ላይ በተነሣ ቃጠሎ ክፉኛ ቢጎዳም፣ በ2015 ታድሶ ለተመልካች ስለ ቀረበ፣ ዛሬ ይህን ሁሉ ተማሪው በራሱ ጆሮ ሊፈትነው ይችላል። ፊልምን የምንተች ሰዎች ከዚህ ሥራ የምንወስደው መለኪያ ይህ ነው። ሙዚቃ በሰማን ጊዜ ያምራል ከማለታችን በፊት የማንን ድምፅ እንደ ተካ እንጠይቅ፤ የተተካው ሰው ድምፅ ከዚያ በፊት ተሰምቶ እንደ ነበረም እንመርምር። ተሰምቶ ከነበረ ሙዚቃው አክብሮታል፤ ሳይሰማ ከቀረ ግን ዜማው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ያ ሰው በፊልሙ ውስጥ አልተናገረም።