የሚታየውና የማይታየው፦ ስለ ሶፍትዌር ቤተሰቦች የባሕርይ ንድፍ

በ1990 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፒትስበርግ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምህንድስና ተቋም፣ ኪዮ ካንግና ባልደረቦቻቸው ፎዳ የተባለውን ጥናት አወጡ። ጥናቱ ተዛማጅ ሶፍትዌሮችን እንደ አንድ ቤተሰብ ቆጥሮ ባሕርያቸውን በዛፍ መልክ ይነድፋል፤ የትኛው ባሕርይ የግድ እንደሆነ፣ የትኛው በፈቃድ እንደሚጨመር፣ የትኞቹ አንዱ በሌላው ምትክ እንደሚገቡ ይለያል። የዘዴው ጥቅም አያከራክርም።

ቅሬታችን በትርጓሜው ላይ ነው። ጥናቱ ባሕርይ የሚለው ለተጠቃሚው ጎልቶ የሚታየውን ነው። የማይታየውስ? ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡትን የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራሞች እናስታውስ። ሠሪዎቻቸው ልዩ ልዩ ቢሆኑም የአንድ መስክ ልጆች ናቸውና ዘዴው ይመለከታቸዋል። ዛፋቸው ቢነደፍ የፊደሉ ቅርጽ፣ የቁልፎቹ አደራደር፣ የኅትመቱ ጥራት በየቅርንጫፉ በተገኘ ነበር። ለየፊደሉ የተሰጠው የኮድ ቁጥር ግን በየፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ተሰውሮ ስለነበረ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። በዲስኬት የደረሰንን ጽሑፍ ከወረቀት እያየን እንደ አዲስ የጻፍን ሁሉ ይህን አንረሳውም።

ካንግና ባልደረቦቻቸው በ1998 ፎርም በተባለው ተከታይ ዘዴ ለውስጥ አሠራር የሚሆን እርከን ጨምረዋል። የኮድ ቁጥሩ በዚያ ቦታ ባገኘ ነበር። ነገር ግን ጽሑፍ ከቤት ወደ ቤት ይሻገር የሚለው ፍላጎት የአንድ ፕሮግራም ባሕርይ ሳይሆን በሁለቱ መካከል የሚኖር ነው። ስለዚህ ዛፉን የሚነድፍ ሰው ተጠቃሚው ምን ያያል ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ ጽሑፉን ማን ይቀበለዋል ብሎም ይጠይቅ እንላለን። ዩኒኮድ በ1999 በሦስተኛው እትሙ ፊደላችንን ሲያካትት የጋራ ቁጥር ተገኝቷል፤ በአሮጌው ኮድ የተቀመጠው ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ ለዋጭ ፕሮግራም ይሻል።