«የነርስ መረጃ አያያዝ»፦ አንድ ሙያ የሚያሳንስ ትርጉም

የአንድ ሙያ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚመዘነው ለጆሮ በመጣፈጡ ሳይሆን ሙያውን በትክክል በማስታወቁ ነው። ለነርሲንግ ኢንፎርማቲክስ በቀላሉ ወደ ብዕር የሚመጣው «የነርስ መረጃ አያያዝ» የተባለው ሐረግ በዚህ መለኪያ ሲታይ ጉድለቱ ከባድ ሆኖ አግኝተነዋል።

በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1988 በዚህ ዘርፍ የማስተርስ ትምህርት ጀመረ፤ የአሜሪካ ነርሶች ማኅበርም በ1992 ራሱን የቻለ ልዩ ሙያ መሆኑን ዐወቀለት። ባለሙያው የታካሚው መዝገብ በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚደራጅ ያቅዳል፤ ነርሶችን ያሠለጥናል፤ በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ የሚደርሰው ስሕተት የሚቀንስበትን መንገድ ያጠናል። «መረጃ አያያዝ» ሲባል ግን አንባቢው የሚያስበው የሆስፒታሉን ካርድ ክፍል ነው። ካርድ ክፍል የተከበረ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ስም ለድኅረ ምረቃ የሚዘጋጀውን ነርስ ያሸሻል፤ ቀጣሪውንም ያሳስታል።

ቃሉም ቢሆን ይህን ፍች አይሸከምም። «ኢንፎርማቲክ» የተባለውን ቃል ፊሊፕ ድሬይፉስ እ.ኤ.አ. በ1962 ያስተዋወቀው «ኢንፎርማሲዮን» እና «ኦቶማቲክ» የተባሉትን የፈረንሳይኛ ቃላት አዋሕዶ ነው። ስለዚህ ማስቀመጥን ሳይሆን በመሣሪያ ማሰናዳትን ያመለክታል።

ዋናው ችግር ግን ከዚህ ይጠልቃል። ግሬቭስና ኮርኮራን እ.ኤ.አ. በ1989 ለሙያው በሰጡት ብያኔ ሦስት ደረጃዎችን ለይተዋል። አማርኛችን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን «መረጃ» በሚል አንድ ቃል ስለሚጠራቸው ተርጓሚው «መረጃን ወደ መረጃ መለወጥ» ብሎ ለመጻፍ ይገደዳል። በቴርሞሜትር ላይ የተነበበው 39 ብቻውን የመጀመሪያው ደረጃ ነው። «ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በሦስተኛው ቀን የታካሚው ሙቀት ከ37 ወደ 39 ዲግሪ ወጣ» ሲባል መረጃ ይሆናል። ይህ የቁስል ማመርቀዝ ምልክት ሊሆን እንደሚችል መገንዘብ ደግሞ ዕውቀት ነው።

ለመጀመሪያው ደረጃ በኮምፒዩተርና በስልክ የአማርኛ ቅጂዎች የተለመደውን «ውሂብ» እንደግፋለን። በግዕዝ ሰዋስው ሲመዘን ከ«ወሀበ» የሚወጣው «የተሰጠ» የሚለው ቅጽል «ውሁብ» ነው፤ «ውሂብ» መስጠትን ያመለክታል። የላቲኑ «ዳቱም»ም «የተሰጠ» ማለት በመሆኑ «ውሁብ» ይበልጥ በቀረበ ነበር። ይሁን እንጂ ሕዝብ የለመደውን ቃል ስለ አንድ አናባቢ መንቀል ተገቢ አይመስለንም።

«ነርስ»ን በ«አስታማሚ» ለመተካት የሚደረገውን ሙከራም አንቀበልም፤ በአገራችን አስታማሚ ማለት ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚያድር ዘመድ ነውና።

ስለዚህ «ነርሲንግ ኢንፎርማቲክስ» የሙያው ስም ሆኖ ይቆይ፤ ድካማችን «ውሂብ»፣ «መረጃ» እና «ዕውቀት» በየመማሪያ መጽሐፉ ሳይቀላቀሉ እንዲሠራባቸው በማድረጉ ላይ ይሁን። ስሙን በውሰት ብንይዝ የምናጣው ጥቂት ነው፤ ሦስቱን ደረጃዎች ካደባለቅን ግን የምናጣው ትምህርቱን ነው።